የ1990ዎቹ አልተርኔቲቭ ሙዚቃ በራዲዮ ሲመለስ የሚመለሰውና የማይመለሰው

በአሜሪካ የራዲዮ ገበያ አንድ ዓይነት ጣቢያ ደጋግሞ ሲወለድ ይታያል። አንድ የኤፍ ኤም ሞገድ እስከ ትናንት ያሰማው የነበረውን ዝግጅት በድንገት ያቋርጣል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን አንድ ነገር ብቻ እየደጋገመ አድማጩን ግራ ያጋባል፤ ከዚያም በአዲስ ስምና በአዲስ መለያ ድምፅ ብቅ ብሎ፣ ከ1980ዎቹ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ የአልተርኔቲቭ ሙዚቃዎችን፣ ማለትም ከተለመደው የሮክ ገበያ ዳር የተወለዱ ሥራዎችን፣ ያለ ማስታወቂያ እያከታተለ ማሰማት ይጀምራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አድማጩ ከልቡ ይደሰታል፤ በወጣትነቱ ያደመጠውን ሙዚቃ መኪናው ውስጥ ሳይጠብቅ ሲሰማ ለወዳጆቹ ያወራል፣ ጣቢያውንም ያስተዋውቃል። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ለምን አሁን ይከፈታል፣ በምን ወጪና በምን ስሌት ይሠራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕድሜውን የሚወስነው ምንድን ነው? አቋሜ ከወዲሁ ይታወቅ፤ አልተርኔቲቭ የሚባለውን ሙዚቃ ለአሜሪካ አድማጭ ያደረሱት የቀድሞዎቹ ጣቢያዎች የሚከበሩት በያዟቸው ዘፈኖች ብቻ ሳይሆን ዘፈኖቹን በመረጡበት መንገድም ጭምር ነው። ዘፈኖቹን መልሶ ማሰማት ቀላል ነው። የአመራረጡን ድፍረት መመለስ ግን ሰውም ገንዘብም ይጠይቃል፤ አዳዲሶቹ ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚሸነፉትም እዚህ ላይ ነው።

ማንም የማያውቀው ዘፈን የሚሰማበት ዘመን

በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የኤፍ ኤም ሮክ ጣቢያዎች በአማካሪዎች ምክር የሚመሩ፣ ከከተማ ከተማ ተመሳሳይ ዝርዝር የሚያሰሙ ሆነው ነበር። በዚያው ጊዜ ፓንክ ከተባለው ፈጣንና ጥሬ የሮክ ስልት የተወለደው አዲስ ሙዚቃ በእንግሊዝም በአሜሪካም እየተስፋፋ ቢሆንም በእነዚህ ጣቢያዎች ቦታ አላገኘም። ክፍተቱን የሞሉት በጣት የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ናቸው። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ኬሮክ የተባለው ጣቢያ ሪክ ካሮል በተባለ የፕሮግራም ዳይሬክተር እየተመራ አዲሱን ሙዚቃ በምርጥ ዘፈኖች ጣቢያ ፍጥነትና ቅልጥፍና ማሰማት ጀመረ። በኒውዮርክ ግዛት በሎንግ አይላንድ የሚገኘው ደብሊው ኤል አይ አር በ1982 ዝግጅቱን ቀይሮ፣ ከእንግሊዝ የሚመጡ ሸክላዎችን በአሜሪካ ከመታተማቸው በፊት ለአድማጭ ያደርስ ነበር። ስቱዲዮው በሳንዲያጎ፣ ማሰራጫው ግን በሜክሲኮዋ ቲዋና የሆነው 91 ኤክስ በ1983 ተከተለ፤ በዚያው ዓመት በቦስተን ደብሊው ኤፍ ኤን ኤክስ ተነሣ። ዴፔሽ ሞድ፣ ዘ ኪውር፣ ኒው ኦርደርና መሰሎቻቸው የሆኑ የእንግሊዝ ቡድኖች በአሜሪካ ትልልቅ አዳራሾችንና ስታዲየሞችን ለመሙላት የበቁት እነዚህ ጣቢያዎች ባበጁላቸው መንገድ ነው።

ከንግድ ጣቢያዎቹ ጀርባ ደግሞ ደመወዝ የማይከፈላቸው ተማሪዎች የሚያንቀሳቅሷቸው የዩኒቨርሲቲ ጣቢያዎች ነበሩ። የእነዚህን ጣቢያዎች አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አዲስ ሸክላ ሲደርስ የጣቢያው ሰዎች ሽፋኑ ላይ ነጭ ወረቀት ይለጥፉበታል። መጀመሪያ ያደመጠው ሰው በዚያ ወረቀት ላይ የትኛው ዘፈን እንደሚበልጥ፣ የትኛው በአየር ላይ የማይነገር ቃል እንደያዘ፣ ድምፁ ማንን እንደሚያስታውስ በአጭሩ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ሰው ሥሩ ላይ ይቃወመዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ይገሥጻል። ሸክላው ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ሲወጣ ሽፋኑ የክርክር መዝገብ ሆኖ ይገኛል። ውሳኔው የጋራ ጠብ ውጤት ነበር ማለት ይቻላል፤ ዘፈኑን ማንም ስለማያውቀው የሚፈተንበት ሌላ መንገድ አልነበረም። በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኬ ሲ ኤም ዩ፣ በኋላ ኬ ኢ ኤክስ ፒ የተባለው ጣቢያ ውስጥ በአቅራቢነት ካገለገሉት መካከል ሰብ ፖፕ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ያቋቋሙት ብሩስ ፓቪትና ጆናታን ፖንማን ይገኙበታል፤ ሰብ ፖፕ ደግሞ ኒርቫና የተባለውን የሮክ ቡድን የመጀመሪያ አልበም ያሳተመ ድርጅት ነው። ከራዲዮ ክፍል እስከ አሳታሚ፣ ከአሳታሚ እስከ መድረክ ያለው ርቀት ያን ያህል አጭር ነበር።

ቢልቦርድ መጽሔት በሴፕቴምበር 1988 ለዚህ ሙዚቃ የተለየ የደረጃ ሰንጠረዥ ሲጀምር የመጀመሪያውን አንደኛ ደረጃ የያዘው ሱዚ ኤንድ ዘ ባንሺስ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ሲሆን፣ መሪ ድምፃዊቱ ሴት ነበረች። ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስበታለን። በሴፕቴምበር 1991 የወጣው የኒርቫና አልበም በጃንዋሪ 1992 የማይክል ጃክሰንን አልበም ከአንደኛነት አውርዶ ቦታውን ሲይዝ፣ ዳር ላይ የነበረው ሙዚቃ መሃል ገባ። በዚያን ጊዜ በየከተማው ያሉ ጣቢያዎች ስማቸውን እየለወጡ ወደ አልተርኔቲቭ ጎረፉ። አብዛኛው የዛሬ የትዝታ ጣቢያ ዝርዝር የሚቀዳው ከእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ዓመታት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የሕግ ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በፌብሩዋሪ 1996 የፈረሙት የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ፣ አንድ ኩባንያ በመላው አገሪቱ ሊይዝ የሚችለውን የ40 ጣቢያዎች ጣሪያ አነሣ፤ በትልልቅ ገበያዎችም በአንድ ከተማ እስከ 8 ጣቢያ መያዝን ፈቀደ። ክሊር ቻናል የተባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,200 በላይ ጣቢያዎች ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ጣቢያ ማለት በባለቤቱ መዝገብ ውስጥ ያለ አንድ ረድፍ ሆነ፤ ትርፉ ከቀነሰ ይቀየራል። በዋሽንግተንና በባልቲሞር አካባቢ ለአንድ ትውልድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሆኖ የኖረው ደብሊው ኤች ኤፍ ኤስ በጃንዋሪ 2005 ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ስፓንኛ ሙዚቃ ጣቢያነት ተለወጠ። የስፓንኛ ተናጋሪው አድማጭ ጣቢያ ማግኘቱ ተገቢ ነበር፤ በሰባተኛው ምዕራፍ ላይ እንደተቋረጠ መጽሐፍ የቀረው የቀድሞው አድማጭ ግን ወዴት እንደሚሄድ የነገረው አልነበረም። የቦስተኑ ደብሊው ኤፍ ኤን ኤክስም በ2012 ተሸጠ።

የዕድሜ ሒሳብ

የትዝታ ጣቢያ አሁን የሚከፈትበት ምክንያት በመሠረቱ የዕድሜ ሒሳብ ነው። የአሜሪካ የራዲዮ ማስታወቂያ ሽያጭ ለረጅም ጊዜ የተመሠረተው ከ25 እስከ 54 ዓመት ባለው አድማጭ ላይ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው ለመኪና፣ ለቤት ብድር፣ ለሐኪም ቤትና ለመሳሰለው ገንዘብ የሚያወጣው ይህ የዕድሜ ክልል ነው ብሎ ያምናል። ኒርቫና ገበያውን ሲያናውጥ የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው የተወለደው በ1976 ነው፤ በ2026 ዕድሜው 50 ይሆናል። ደመወዙ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚገኝበት፣ ወደ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ መኪና ውስጥ የሚቀመጥበት፣ ራዲዮ መክፈትን ከልጅነቱ የለመደ የመጨረሻው ትውልድ አባል ነው ማለት ይቻላል። ለራዲዮ ሽያጭ ክፍል ከዚህ የተሻለ አድማጭ የለም።

ችግሩ ሒሳቡ ወደ ፊት መሮጡ ነው። ይኸው ሰው በ2031 ዕድሜው 55 ሆኖ ከክልሉ ይወጣል። በ1991 የ25 ዓመት ወጣት የነበረው ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ወጥቷል። እንግዲህ የ1990ዎቹን መጀመሪያ ማዕከል አድርጎ ዛሬ የሚከፈት ጣቢያ ዋና አድማጩ ለማስታወቂያ ሻጩ ዋጋ ያለው ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ይህ ዕጣ ለዚህ ዘውግ ብቻ የተጻፈ አይደለም። የኒውዮርኩ ደብሊው ሲ ቢ ኤስ ኤፍ ኤም ከ1972 ጀምሮ የቆዩ ዘፈኖችን ሲያሰማ ኖሮ በጁን 2005 ባለቤቶቹ አድማጩ አርጅቷል ብለው በአንድ ቀን ቀየሩት፤ የከተማው ሰው ቁጣ ከባድ ነበር፣ አዲሱም ዝግጅት አልያዘም፣ በጁላይ 2007 የቀድሞው ጣቢያ ተመለሰ። ሲመለስ ግን የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን መጀመሪያ ሙዚቃ ወደ ኋላ ትቶ ወደ 1970ዎቹና 1980ዎቹ ተጠግቶ ነበር። ጣቢያው የዳነው አድማጩ ታማኝ ስለነበረ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ግን አብረውት አልዳኑም።

የተቃራኒው ምሳሌ የሚገኘው በሂውስተን ነው። በኦክቶበር 2014 አንድ የከተማዋ ጣቢያ የዜና ዝግጅቱን ትቶ ቡም በሚል ስም የቆየ ሂፕ ሆፕ ማሰማት ሲጀምር አድማጩ በአንድ ጊዜ ተመመ፤ ይህን ያዩ ሌሎች ከተሞችም በጥቂት ወራት ውስጥ ተመሳሳይ ጣቢያ ከፈቱ። ነገር ግን የመጀመሪያው ደስታ ከበረደ በኋላ ቁጥሩ በብዙ ቦታ ወረደ፣ የሂውስተኑም ጣቢያ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሌላ ዝግጅት ያዘ። በእኔ ግምት ምክንያቱ ሙዚቃው አልነበረም። አድማጩ ዘፈኑን የሚወደው ድንገት ስለሚያገኘው ነው፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ያው ዘፈን ሲመጣ ድንገተኛነቱ ይጠፋል፣ ድንገተኛነቱ ሲጠፋም ትዝታው ወደ ልማድ ይለወጣል።

ጣቢያው በምን ይሠራል?

የእነዚህ ጣቢያዎች አከፋፈት ርካሽ መሆኑ በይፋ አይነገርም እንጂ ትልቁ ምክንያት እርሱ ነው። የአሜሪካን የራዲዮ ስርጭት የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2002 ኤችዲ ራዲዮ የተባለውን የዲጂታል ስርጭት ከፈቀደ በኋላ፣ በጊዜ ሂደት አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ በዋናው ሞገዱ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ የዲጂታል ዝግጅት ደርቦ ማስተላለፍ ቻለ። ይህን ድርብ ዝግጅት በቀጥታ የሚሰማው ልዩ መቀበያ ያለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቶች ዝግጅቱን በአነስተኛ ደጋሚ ማሰራጫ አማካይነት በተለመደው ኤፍ ኤም ላይ ያወጡታል። የደጋሚ ማሰራጫ ጉልበት ከ250 ዋት አይበልጥም፤ ትልልቆቹ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች እስከ 100,000 ዋት እንደሚደርሱ ስናስብ ልዩነቱ ግልጽ ነው። አድማጩ መሃል ከተማ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማውን ጣቢያ ወደ ዳርቻው ሲነዳ ያጣዋል። ብዙ የትዝታ ጣቢያዎች የሚወለዱት በዚህ መልክ ነው፤ ሲከፈት የሚነገረው ትልቅ ቃልና ከኋላው ያለው ጉልበት አይመጣጠኑም።

በሰው በኩልም ቁጠባው ያው ነው። የቆየ ሙዚቃ የሚያሰማ ጣቢያ አዲስ ሥራ የሚያዳምጥ የሙዚቃ ክፍል አያስፈልገውም። አንድ አቅራቢ በአንድ ከተማ ተቀምጦ ለብዙ ከተሞች ድምፁን አስቀድሞ መቅዳት ይችላል። ኩባንያዎቹ ወደዚህ የተገፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1996 በኋላ ጣቢያ የገዙት በብድር ነበር፤ ኪዩሙለስ በ2017፣ የቀድሞው ክሊር ቻናል የሆነው አይሃርትሚዲያ በ2018 ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዕዳ፣ ዛሬ የኬሮክ ባለቤት የሆነው ኦዳሲ ደግሞ በ2024 ከአበዳሪዎቻቸው ጥበቃ ፍለጋ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄደዋል። በዕዳ የተጨነቀ ኩባንያ አዲስ ጣቢያ ሲከፍት መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ያህል ሰው ሳይቀጥር እንደሚያስኬደው ነው። ይህን መረዳት ይገባል፤ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ዘፈኑ ምርጫ እንግባ። የቆዩ ዘፈኖችን የሚያሰሙ የንግድ ጣቢያዎች ዝርዝራቸውን የሚያወጡት በአድማጭ ፈተና ነው። የፈተናው ጥንታዊ መልክ ይህን ይመስላል፤ የሚፈለገው ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሰዎች ጥቂት ገንዘብ ተከፍሏቸው በአንድ የሆቴል አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ለእያንዳንዱ የውጤት ወረቀት ወይም የሚዞር ቁልፍ ይሰጠዋል። ከዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ቁራጭ በተከታታይ ይለቀቃል፤ አንዱ ቁራጭ ከ10 ሰከንድ አይበልጥም፣ ብዙውን ጊዜም ሁሉም የሚያውቀው አዝማች ነው። ሰውየው ያንን ሰምቶ አውቀዋለሁ፣ አላውቀውም፣ እወደዋለሁ፣ ሰልችቶኛል ብሎ ይመልሳል፤ ሳይጨርስ ቀጣዩ ይመጣል። ዛሬ አብዛኛው ፈተና በኢንተርኔት ይካሄዳል እንጂ አካሄዱ አልተለወጠም። በመጨረሻ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ጥቂት መቶ ዘፈኖች ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ፤ የቀሩት ከአየር ይወርዳሉ።

የዚህን ፈተና ጉድለት ለማየት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚያሸንፈው በ1990ዎቹ አብዝቶ የተሰማው ዘፈን ነው። ቀስ ብሎ የሚነሣ፣ አዝማቹ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ወይም በወቅቱ በጥቂት ከተሞች ብቻ የተሰማ ዘፈን አስቀድሞ ተሸናፊ ነው። ስለዚህ ፈተናው የሚለካው የሙዚቃውን ዋጋ ሳይሆን የቀድሞውን ድግግሞሽ ነው፤ ትናንት የተደጋገመው ዛሬም ይደጋገማል፣ ትናንት በስስት የተሰማው ዛሬ ጨርሶ ይጠፋል። አልተርኔቲቭን የመሰለ፣ መለያው ልዩ ልዩነቱ የነበረ ዘውግ በዚህ ወንፊት ሲያልፍ ግማሽ ታሪኩ ይቀራል። በ1980ዎቹ ኬሮክን ወይም ደብሊው ኤል አይ አርን ያቆሙ የእንግሊዝ የሲንተሳይዘር ቡድኖች፣ የኮሌጅ ጣቢያዎች ያሳደጓቸው፣ አር ኢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ቡድን የዘመን ባልንጀሮች፣ ከሬጌና ከስካ ጋር የተዛመዱት ሥራዎች ይወድቁና፣ ከሲያትል የመጡ አራት ቡድኖችና እነርሱን የተከተሉ ጥቂት ድምፆች ይቀራሉ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የሴቶቹ ነገር ነው። ሰንጠረዡ የተከፈተው ሴት በምትመራው ቡድን መሆኑን ጠቅሰናል። ሲኔድ ኦኮነር፣ ፒ ጄ ሃርቪ፣ ቢዮርክ፣ ዘ ብሪደርስ፣ ሆል፣ ዘ ክራንቤሪስ፣ አላኒስ ሞሪሴት፤ የ1990ዎቹን የመጀመሪያ አጋማሽ አልተርኔቲቭ ያለ እነዚህ መናገር አይቻልም። ሆኖም ከ1996 በኋላ ጣቢያዎቹ ወደ ከባድ የወንዶች ሮክ ሲያዘነብሉ በሩ ተዘጋ፤ በዚያ ዓመት ትሬሲ ቦናም ሰንጠረዡን ከመራች በኋላ ሌላ ሴት በብቸኛ ድምፃዊነት አንደኛ ለመሆን የበቃችው በ2013 ነው፤ እርሷም የኒውዚላንዷ ሎርድ ናት። በመካከሉ 17 ዓመት አለፈ። የትዝታ ጣቢያ ዝርዝሩን በዚያ የ17 ዓመት ልማድ ጆሮው ከተቀረጸ አድማጭ ብቻ ከቀዳ፣ የቀድሞውን በደል እንደ ታሪክ አድርጎ ይደግመዋል። በ1994 ራዲዮ ከፍቶ የነበረ ሰው የሰማው ሙዚቃ ዛሬ በስሙ ከሚቀርብለት እጅግ የሰፋ ነበር። እንዲህ ያለውን ጣቢያ በቀናነት እንድደግፍ የሚያደርገኝም፣ በአንክሮ እንድከታተል የሚያስገድደኝም ይህ ነው።

ለጆሮ የሚፎካከሩ ሌሎች

ጣቢያው ብቻውን አይደለም። ክላሲክ ሮክ የሚያሰሙ የቆዩ ጣቢያዎች ኒርቫናንና ፐርል ጃምን ወደ ራሳቸው ዝርዝር ካስገቡ ሰንብተዋል፤ እነርሱ ሙሉ ጉልበት ያለው ሞገድ፣ የተቋቋመ ስምና የሽያጭ ክፍል አላቸው። በሳተላይት ደግሞ ከ2008 ውህደት በኋላ ሲሪየስ ኤክስኤም የተባለው አገልግሎት ለ1980ዎቹ ኒው ዌቭ አንድ፣ ለ1990ዎቹ አልተርኔቲቭና ከሲያትል ለወጣው ግራንጅ ለተባለው ከባድ የሮክ ስልት ሊቲየም የተባለ ሌላ ቻናል በመላው አገሪቱ ያለ ማስታወቂያ ያሰማል፣ ክፍያ ግን ይጠይቃል። ስፖቲፋይ በ2011 ወደ አሜሪካ ከገባ ወዲህ ደግሞ አድማጩ የፈለገውን ዘፈን በፈለገው ሰዓት ያገኛል።

ከዚህ ሁሉ ጋር በዘፈን ብዛት መፎካከር ከንቱ ነው፤ 300 ዘፈን የያዘ ጣቢያ በሚሊዮን የሚቆጠር ዘፈን የያዘን ማኅደር አያሸንፍም። ራዲዮ የሚያሸንፍበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነው። ዘፈኑ በዚያች ከተማ መጀመሪያ በየትኛው ክበብ እንደተዘፈነ፣ ከበሮ መቺው ከየትኛው የፈረሰ ቡድን እንደመጣ፣ ቡድኑ ዛሬ የት እንዳለ፣ ቅዳሜ ማታ በየትኛው አዳራሽ እንደሚጫወት የሚናገር አቅራቢ ዘፈኑን ከማኅደር አውጥቶ ወደ ሕይወት ይመልሰዋል። በአድማጩና በዘፈኑ መካከል ያለው 30 ዓመት የሚሞላው በዚህ ነው። ይህን ሥራ በሌላ ከተማ ተቀምጦ አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ሊሠራው አይችልም፤ ስለ ከተማው የሚያውቀው ነገር የለምና። ብዙ ኩባንያዎች መጀመሪያ የሚቆርጡት ወጪ ግን ይህንኑ ሰው ነው።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፣ ከአድማጩ ይልቅ ሙዚቀኛውን የሚመለከት። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የኤፍ ኤም ጣቢያ ዘፈን ሲያሰማ የሚከፍለው ለዜማና ለግጥም ደራሲው ነው፤ ለዘፋኙና ለተጫዋቹ ምንም አይከፍልም። የ1995ቱ ሕግ ለቀረጻ ባለቤቶችና ለተጫዋቾች መብት የሰጠው በዲጂታል ስርጭት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ዘፈን በሳተላይት ሲሰማ ሳውንድኤክስቼንጅ የተባለው ተቋም ክፍያውን ሰብስቦ ግማሹን ለቀረጻው ባለቤት፣ 45 በመቶውን ለዋናው ተጫዋች፣ 5 በመቶውን ለአጃቢዎች ያካፍላል፤ በኤፍ ኤም ሲሰማ ግን ጊታር መቺው ባዶ እጁን ይቀራል። ይህን የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ በ2021 ለኮንግረስ ቀርቧል፤ የራዲዮ ባለቤቶችም አጥብቀው ይቃወሙታል። ክርክራቸው የቆየ ነው፤ ራዲዮ ዘፈኑን ያስተዋውቃል፣ ሙዚቀኛውም በሽያጭ ይካሳል ይላሉ። ይህ ክርክር ለአዲስ ዘፈን ጥቂት ሚዛን ይኖረው ይሆናል። በ1993 ለወጣ ዘፈን ግን ማስተዋወቅ የሚባለው ነገር አይሠራም፤ ዘፈኑ ተዋውቆ አልቋል፣ አሁን የሚሸጠው የአድማጩ ጆሮ ነው፣ ገዢውም ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። ሙሉ ንግዱን በሌሎች የቆየ ሥራ ላይ የመሠረተ ጣቢያ ከማንም በላይ ለሠሪዎቹ ክፍያ መቆም ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ዛሬ በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሰዎች ናቸው።

ታዲያ አንድ አድማጭ አዲስ የተከፈተ የትዝታ አልተርኔቲቭ ጣቢያ ሲያገኝ በምን ይመዝነው? የመክፈቻው ሳምንት አያሳይም፤ በዚያ ሳምንት ማስታወቂያ የለም፣ ዝርዝሩም ሆን ተብሎ ሰፋ ይደረጋል። ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ፣ ማስታወቂያው ገብቶ የመጀመሪያው የአድማጭ ቁጥር ሲወጣ መስማት ይሻላል። በአንድ የሥራ ቀን ጠዋት የሰማው ዘፈን ማታ ሲመለስ ይደገማል ወይ? በአንድ ሰዓት ውስጥ ሴት ድምፅ ስንት ጊዜ ይሰማል? ከአንድ አልበም ሁልጊዜ ያው አንድ ዘፈን ብቻ ይወጣል ወይስ ሁለተኛውና ሦስተኛውም ዕድል ያገኛሉ? አቅራቢው የከተማውን ስም ከመጥራት አልፎ ስለ ከተማው የሚያውቀው ነገር አለ? ከእነዚያ ቡድኖች ብዙዎቹ ዛሬም አዲስ ሥራ ያወጣሉ፤ በሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ አዲሱ ሥራቸው ይሰማል ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ፕሮግራም ዳይሬክተሮችን ያስፈራል፤ አድማጩ የማያውቀውን ዘፈን ሲሰማ ጣቢያ ይለውጣል ብለው ያምናሉ፣ የአድማጭን ቁጥር የሚለካው ኒልሰን የተባለው ኩባንያ የሚጠቀምበት በኪስ የሚያዝ መለኪያም በስርጭቱ ውስጥ የተደበቀ ምልክት እየሰማ ከደቂቃ ደቂቃ ስለሚመዘግብ ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ነገር ግን ይህ አድማጭ በልጅነቱ የማያውቀውን ዘፈን ሊሰማ ብሎ ራዲዮ ይከፍት የነበረ ሰው ነው። ከ25 እስከ 54 ካለው አድማጭ ሁሉ መካከል አዲስ ነገር ሲሰማ ጣቢያ አይለውጥም ተብሎ ሊታመን የሚችል ቡድን ካለ እርሱ ነው። ዝርዝሩን ከ300 ወደ 1,000 ለማስፋት የደፈረ ጣቢያ በ2031 የመጀመሪያው አድማጩ ከማስታወቂያ ሻጩ ሠንጠረዥ ሲወጣ የሚተካው ሌላ አድማጭ ይኖረዋል፤ በ2003 የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ሰው 55 የሚሞላው በ2043 ነውና።